ሳይራቡ ክብደትን መቀነስ፦ ሆድን የሚሞላ፣ ሸክሙ የቀለለ ማዕድ

ከልማትና ተራድኦ ሥራችን ጋር ዘወትር አብሮ የሚነሣው ራብ እንጂ ውፍረት አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን በድርቅ፣ በጦርነትና በመፈናቀል ለተጎዱ ወገኖች እህልና ውኃ ስታቀርብ ቆይታለች፤ ይህ ሥራ ገና አላለቀም። ይሁን እንጂ ከዚሁ ጎን ለጎን ሌላ የጤና ችግር በተለይ ወደ ከተማ አጥቢያዎች ቀስ በቀስ እየገባ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል 22 በመቶዎቹ ከተገቢው በታች የከሱ ሲሆኑ 8 በመቶዎቹ ደግሞ ከተገቢው በላይ ክብደት ያላቸው ነበሩ። ሁለቱ ችግሮች በአንድ አገር፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ አጥቢያ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ትርፍ ክብደት ቀድሞ የምቾትና የደስታ ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። «ተስማምቶሃል» ማለትም ምስጋና ነበር። ዛሬ ግን ሐኪሞች ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊት፣ ከልብ ሕመምና ከጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ጋር አያይዘው ይናገሩበታል። ቆሞ ለማስቀደስ፣ ለመስገድ፣ ማኅሌት ቆሞ ለማደር የሚቸገሩ ካህናትና ምእመናንም ጥቂቶች አይደሉም።

ከሐኪም ዘንድ «ክብደት ቀንስ» የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወስደው እርምጃ አንድ ነው፤ መብላት ይተዋል። ቁርስ ይቀራል፣ ምሳ ይዘለላል፤ ማታ ግን የቀኑ ሁሉ ራብ ተሰብስቦ ይመጣል። ሌሎች ደግሞ ጾሙን ለክብደት መቀነሻነት ያውሉታል። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ጤናማው መንገድ ከዚህ የተለየ መሆኑን ነው፤ ይኸውም ሆድን ባዶ በማድረግ ሳይሆን፣ ሆድን በሚገባ የሚሞላ ነገር ግን የተሸከመው ኃይል አነስተኛ የሆነ ምግብ በመመገብ ክብደትን መቀነስ ነው። እንዲህ ያለው ምግብ ከውጭ አገር የሚመጣ አይደለም፤ አብዛኛው በጾም ማዕዳችን ላይ ይገኛል።

ትርፍ ክብደት እንዴት ይታወቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምበት መለኪያ የሰውን ክብደት በኪሎ ግራም፣ ቁመቱን በሜትር ለክቶ፣ ክብደቱን በቁመቱ ስኩዌር ማካፈል ነው። ውጤቱ 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትርፍ ክብደት አለ ይባላል፤ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው። ለምሳሌ ቁመቱ 1.65 ሜትር የሆነ ሰው ከ68 ኪሎ ግራም ጀምሮ በመጀመሪያው፣ ከ82 ኪሎ ግራም ጀምሮ በሁለተኛው ክፍል ይመደባል። የወገብ ዙሪያም ይለካል፤ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን በሆድ ዙሪያ የተከማቸው ስብ ለጤና አሳሳቢ መሆን ይጀምራል።

እዚህ ላይ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። የጤና ጥቅም ለማግኘት እንደ ወጣትነት ዘመን መቅጠን አያስፈልግም። ከክብደት ውስጥ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን መቀነስ ብቻ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን በሚታይ ሁኔታ ያሻሽላል። 80 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ይህ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ፍጥነቱም በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ግራም ባይበልጥ ይመከራል።

መራብ ለምን አያዘልቅም?

እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሰል ኪስ በተባሉ ተመራማሪ መሪነት አንድ ጥናት ተካሄደ። በጥናቱ የተሳተፉት 36 ወጣቶች ስለ እምነታቸውና ስለ ኅሊናቸው ጦር መሣሪያ አንይዝም ያሉ፣ በጦርነቱ የተራቡ ሕዝቦች እንዴት እንደሚያገግሙ ለማወቅ ሰውነታቸውን በፈቃዳቸው የሰጡ ነበሩ። ለ24 ሳምንታት ቀድሞ ይመገቡት ከነበረው ግማሽ ያህሉን ብቻ እየበሉ ቆዩ፤ ከክብደታቸውም አንድ አራተኛ ያህሉን አጡ።

ወጣቶቹ ከክብደት ሌላ ያጡትም ብዙ ነበር። ጉልበታቸው ደከመ፣ የልብ ምታቸው ቀዘቀዘ፣ ብርድ ይሰማቸው ጀመር፤ ቁጡና ትካዜ የበዛባቸው ሆኑ። ሐሳባቸው ሁሉ በምግብ ተያዘ። ጥናቱ አልቆ እንደ ልባቸው መብላት ሲፈቀድላቸው ብዙዎቹ ከቀድሞው እጅግ በሚበልጥ መጠን በሉ፤ ሰውነታቸውም ከበፊቱ የበለጠ ስብ አከማቸ። እነዚህ ሰዎች ሲጀምሩ ወፍራሞች አልነበሩም፤ ስለዚህ የደረሰባቸው ሁሉ በእያንዳንዱ ወፍራም ሰው ላይ ይደርሳል ማለት አይደለም። ነገር ግን ሰውነት ለራብ የሚሰጠው መልስ ምን እንደሚመስል በግልጽ አሳይተዋል።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ሰውነት ምግብ ድንገት ሲጎድልበት ባለቤቱ ለመቅጠን እንዳሰበ አያውቅም፤ የራብ ዘመን የመጣ ይመስለዋል። ግሬሊን የተባለው የራብ ሆርሞን ይጨምራል፤ ሌፕቲን የተባለውና የስብ ክምችት በቂ መሆኑን ለአንጎል የሚያስታውቀው ሆርሞን ይቀንሳል። ሰውነት በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለውን ኃይል ይቆጥባል፤ ከስብ ጋር ጡንቻም ይቀልጣል። ስለዚህ ራሱን ያስራበ ሰው ውሎ አድሮ ሲሸነፍ «ፈቃደ ደካማ ነኝ» ብሎ ራሱን ሊኮንን አይገባም። የተሸነፈው ሰውነቱ ሕይወትን ለማዳን በተሰጠው ሥርዓት ነው። ምክር የሚሰጡ አባቶችም ይህን ቢያውቁ ውፍረትን ሁሉ በሆዳምነት ከመፍረድ ይጠበቃሉ።

ጥጋብ ከየት ይመጣል?

ጥጋብ የሚመጣው ከምግቡ ኃይል ብዛት ብቻ አይደለም። ሦስት ነገሮች ይረዱታል።

የመጀመሪያው የምግቡ ግዝፈት ነው። ጨጓራ ሲለጠጥ በነርቭ በኩል ለአንጎል መልእክት ይልካል። ጨጓራን የሚለጥጠው የምግቡ መጠን ነው፤ ውኃ የበዛበት አትክልትም፣ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳም ቦታ ይይዛል። ልዩነታቸው አንዱ ጥቂት፣ ሌላው ብዙ ኃይል ተሸክሞ መግባቱ ነው።

ሁለተኛው ፕሮቲንና አሰር ነው። አሰር የምንለው ፋይበር የሚባለውን፣ በአትክልት፣ በጥራጥሬና ባልተፈተገ እህል ውስጥ የሚገኘውንና በቀላሉ የማይፈጨውን ክፍል ነው። ሁለቱም ምግቡ ቶሎ እንዳይጠፋ ያደርጋሉ፤ አንጀት የጥጋብ ሆርሞኖችን እንዲያመነጭም ያግዛሉ። በዚህ ረገድ ምስር፣ አተር፣ ባቄላና ሽምብራ ሁለቱንም በአንድነት የያዙ በመሆናቸው ተወዳዳሪ የላቸውም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። የጥጋብ መልእክት አንጎል ዘንድ እስኪደርስ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ፈጥኖ የሚበላ ሰው መልእክቱ ሳይደርስ ከሚገባው በላይ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሥር በ20 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ተሳታፊዎቹ በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ በቀረበላቸው ሁለት ሳምንታት፣ ከተፈጥሮው ብዙ ያልራቀ ምግብ ከቀረበላቸው ሁለት ሳምንታት ይልቅ በቀን 500 ያህል ካሎሪ አብልጠው በልተዋል። የሚበሉትም በፍጥነት ነበር። የጾም ኬክና ብስኩት የጾም በመሆናቸው ብቻ ከዚህ ሕግ ነጻ አይሆኑም።

እነዚህ ነገሮች በጥናት ተለክተዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአውስትራሊያ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ 38 የምግብ ዐይነቶች እኩል ካሎሪ እንዲኖራቸው ተደርገው ለሰዎች ቀረቡ፤ ከዚያም በሁለት ሰዓት ውስጥ የትኛው ይበልጥ እንዳጠገበ ተመዘነ። ከሁሉ ያጠገበው የተቀቀለ ድንች ሲሆን፣ ከነጭ ዳቦ ከሦስት እጥፍ በላይ የማጥገብ ኃይል ነበረው። በቅቤ የተሠራው ክሮሳንት የተባለው መጋገሪያ ግን የነጭ ዳቦን ግማሽ ያህል እንኳ አላጠገበም። በፔንሲልቬንያ ግዛት ዩኒቨርሲቲ በባርባራ ሮልስ ሥር የተደረገ ጥናት ደግሞ፣ ከዋናው ምግብ በፊት የአትክልት ሾርባ የጠጡ ሰዎች ሾርባውም ተቆጥሮ በጠቅላላው 20 በመቶ ያህል ያነሰ ካሎሪ እንደበሉ አሳይቷል። ከማዕዱ አልራቁም፤ የማዕዱ ቅደም ተከተል ብቻ ተለወጠ።

ካሎሪን በአገራችን ምግብ ማየት

ካሎሪ በምግብ ውስጥ ያለ ኃይል መለኪያ ነው። አንድ ግራም ስብ ወይም ዘይት 9 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲንም ሆነ ስታርችና ስኳር 4 ካሎሪ ይሰጣሉ። ውኃ ምንም አይሰጥም። አንድ ምግብ ከባድ ወይም ቀላል የሚሆነው በውስጡ ባለው የውኃና የዘይት ሚዛን ነው ለማለት ይቻላል።

100 ካሎሪ ለማግኘት ከእያንዳንዱ ምን ያህል መብላት እንዳለብን እንመልከት፦

• ዘይት፦ 11 ግራም ያህል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይሞላም
• ስኳር፦ 25 ግራም፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ
• ቆሎ፦ ከ30 ግራም ያነሰ፤ ትንሽ እፍኝ
• ዳቦ፦ 40 ግራም ገደማ
• ዘይት ያልገባበት የበሰለ ምስር፦ 85 ግራም ገደማ
• የተቀቀለ ድንች፦ 115 ግራም ገደማ
• የተቀቀለ ጥቅል ጎመን፦ ከ400 ግራም በላይ
• ቲማቲም፦ ከግማሽ ኪሎ በላይ

ከዚህ ዝርዝር የምንረዳው ጎመንና ቲማቲም ብቻ እንብላ ማለት አይደለም፤ እነርሱ ብቻቸውን ሰውን አያቆሙም። ነገር ግን ከማዕዱ ግማሽ ያህሉን አትክልት፣ ሩቡን ጥራጥሬ፣ ሩቡን እንጀራ ብናደርግ ሆድ እንደ ቀድሞው ይሞላል፤ የገባው ካሎሪ ግን በእጅጉ ያነሰ ይሆናል።

እንጀራ በዚህ ጉዳይ ጠላት አይደለም። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውኃ በመሆኑ ከዳቦ ይልቅ የቀለለ ነው፤ የጤፍ እንጀራ አሰርም አለው። ችግሩ ብዛቱ ነው። ከአንድ ትሪ ተሰብስበን ስንበላ፣ እንጀራውም ሲያልቅ እየተጨመረ ሲሄድ፣ እያንዳንዱ ሰው ምን ያህል እንደበላ አያውቅም። ክብደቱን ለመቀነስ የወሰነ ሰው ከትሪው ሳይለይ ድርሻውን አስቀድሞ በፊቱ ቢያስቀምጥና ተጨማሪ ባይወስድ ይበቃዋል።

የጾም ድስትና የዘይት ነገር

ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን ቤተ መንግሥት ከንጉሡ ማዕድ ይልቅ ጥራጥሬና ውኃ መርጠው ዐሥር ቀን እንደተፈተኑ፣ ፊታቸውም አምሮ እንደተገኘ ሁላችንም እናውቃለን። የጾም ምግባችንም መሠረቱ ይኸው ጥራጥሬና አትክልት ነው። ታዲያ በጾም ወራት ክብደት የሚጨምሩ ሰዎች ለምን ይኖራሉ? መልሱ በአብዛኛው ከዘይቱ፣ ከዳቦውና ከስኳሩ ዘንድ ይገኛል።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። ለአምስት ሰው በሚሠራ አንድ ወጥ ውስጥ ዐሥር የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቢገባ 1,200 ካሎሪ ይሆናል፤ ለአንድ ሰው 240 ካሎሪ ከዘይት ብቻ ይደርሰዋል። ዘይቱ ወደ አራት ማንኪያ ቢወርድ የአንዱ ድርሻ ከ100 ካሎሪ በታች ይሆናል። በማዕዱ ላይ ሁለት ዐይነት ወጥ ካለ አንድ ሰው ከሚበላው አንዲት ጉርሻ ሳይቀንስ በአንድ ጊዜ ከ280 ካሎሪ በላይ ይቀንሳል። በቀን 500 ካሎሪ ያህል መቀነስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሳምንቱ ግማሽ ኪሎ ግራም ለሚሆን ቅናሽ የሚበቃ መሆኑን ስናስብ፣ የድስቱ ድርሻ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ እንረዳለን።

ጣዕሙ እንዳይጎድል እናቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ አለ። ሽንኩርቱን በብዛት ከትፎ፣ በመጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ጥቂት ጥቂት ውኃ ጠብ እያደረጉ በሚገባ ማቁላላት ነው። ዘይቱ በኋላ በማንኪያ ተለክቶ ይገባል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና በሶብላ ካሎሪ ሳይጨምሩ ወጡን ያጣፍጡታል። ከጠርሙስ እያንቆረቆሩ መጨመርን ትቶ በማንኪያ መለካት ብቻውን ትልቅ ለውጥ ነው።

ከምናውቃቸው ምግቦች መካከል የተሻለውን መምረጥም ይቻላል። ሽሮ ፈሰስ ዘይት ከበዛበት ተጋቢኖ ይቀላል። በሰናፍጭ፣ በሎሚና በቃሪያ የሚዘጋጀው የምስር አዚፋ ዘይት ሳይበዛበት ያጠግባል። በጸሎተ ሐሙስ የምንመገበው ጉልባንና ንፍሮ ሁሉ ሲቀቀል ውኃ ስለሚጠጣ፣ በእኩል ክብደት ሲመዘን ካሎሪው ከቆሎ ግማሽ እንኳ አይደርስም፤ ማኘኩም ጊዜ ይወስዳል። ድንቹ ቢቀቀል እንጂ ባይጠበስ ይመረጣል። ሱፍ፣ ተልባ፣ ሰሊጥና ለውዝ ጠቃሚ ዘሮች ናቸው፤ ነገር ግን ዘይታቸው ብዙ ስለሆነ በጥቂቱ ይበላሉ። በፍስክ ቀናት ለቅቤውም ይኸው የማንኪያ ልክ ይሠራል፤ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ስቡ የወጣለት ሥጋና እርጎም ጥሩ የፕሮቲን ምንጮች ናቸው።

መጠጥም አይዘንጋ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ በቀን አራት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው 200 ካሎሪ ያህል ሳያውቀው ይወስዳል። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። በፈሳሽ መልክ የሚገባ ስኳር የሚያጠግበው እጅግ ጥቂት ነው። ጠላና ጠጅም ካሎሪ አላቸው።

የአንድ ቀን ማዕድ፣ ለምሳሌ

በጾም ቀን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰው ሲፈታ አስቀድሞ ውኃ ይጠጣ፤ ከዚያም አንድ ሳህን የአትክልት ወይም የምስር ሾርባ ወይም የቲማቲምና የሰላጣ ቅጠል በሎሚ ይውሰድ። ጥቂት ቆይቶ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን ከካሮት ጋር ወይም ፎሶልያ በብዛት፣ ምስር ወይም ክክ አልጫ በመካከለኛ መጠን፣ እንጀራ በልክ ይመገብ። ማታ ንፍሮ ወይም ሽሮ ፈሰስ ከአትክልት ጋር፣ አንድ ብርቱካን ወይም ፓፓያ ይበቃዋል። በፍስክ ቀን ቁርስ ላይ የተቀቀለ እንቁላል ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ወይም የአጃ ገንፎ በእርጎ፣ ምሳና ራት ላይ ከላይ እንደተጠቀሰው ግማሽ አትክልት ያለበት ማዕድ ይቀርባል። በየዕለቱ በእግር መሄድ ቢታከልበት ጡንቻ እንዳይሟሽሽና የቀነሰው ክብደት ተመልሶ እንዳይመጣ ይረዳል።

ጾምና ክብደት መቀነስ አንድ አይደሉም

ጾም ፈቃደ ሥጋን ለፈቃደ ነፍስ ማስገዣ፣ የንስሐና የጸሎት ረዳት ነው፤ ዓላማው የወገብ ልክ አይደለም። ጾሞ ክብደቱ የቀነሰ ሰው ቢኖር መልካም ነው፤ ለመቅጠን ብሎ የሚጾም ግን የጾሙን ፍሬ በሚዛን ላይ ይፈልጋል። በአንጻሩ ቀኑን ሙሉ ጾሞ ማታ ያለ ልክ የሚበላ ሰው ጾሙም ጤናውም እንዲከብዱት ያደርጋል። በልክ መብላት ለሁለቱም ይጠቅማል።

ለንስሐ አባቶች ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ የሕሙማን ነው። ኢንሱሊን የሚወስዱ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያሉ የስኳር እንክብሎችን የሚውጡ ሰዎች መድኃኒቱን ወስደው ሳይበሉ ቢቆዩ የደም ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ምልክቶቹ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የንግግርና የሐሳብ መደናገር ናቸው። በቅዳሴ ላይ እንዲህ የሆነ ሰው ቢታይና መዋጥ የሚችል ከሆነ ወዲያው ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ሊሰጠውና ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይሰጠው። እንዲህ ያሉ ምእመናን ከመጾማቸው በፊት ከሐኪማቸውም ከንስሐ አባታቸውም ጋር እንዲመክሩ ማድረግ የአባትነት ሥራ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሕሙማን፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአራሶችና ለሕፃናት የሚራራ መሆኑን ብዙዎች ስለማያውቁት ወይም ስለሚያፍሩበት፣ አባቶች ቀድመው ቢያነሡላቸው ነፍስ ያድናል።

ሰበካ ጉባኤያት ምን ማድረግ ይችላሉ?

ብዙ ሰው የሚበላው ብቻውን አይደለም። ሰንበቴ፣ የማኅበር ዝክር፣ ንግሥ፣ ተዝካርና ክርስትና የማዕድ ጊዜያት ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች እንቢ ማለት ከባድ ነው፤ «በሞቴ» ከተባለ በኋላ ጉርሻ የሚመልስ ማን ነው? ስለዚህ የማዕዱ ለውጥ ከግለሰብ ይልቅ ከአዘጋጆቹ ቢጀምር ይቀላል። የሚከተሉትን አሳቦች ለሰበካ ጉባኤያት እናቀርባለን።

1. በሰንበቴና በዝክር ማዕድ ላይ አትክልቱ ቀድሞና በዝቶ እንዲቀርብ፣ ለወጥ የሚገባው ዘይት በመለኪያ እንዲሆን ከወጥ ቤት እናቶች ጋር መመካከር። ዘይት ሲቀንስ ወጪም ይቀንሳል።

2. ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ በማዕዱ ላይ እንዲኖር፣ ለስላሳ መጠጥ ግን ለጠየቀ ብቻ እንዲሰጥ ማድረግ።

3. «በቃኝ» ያለን ሰው በፍቅር መተው። ለጤናው ሲል የሚጠነቀቅን ወንድም ወይም እኅት አለማስገደድም እንግዳ ተቀባይነት መሆኑን በስብከት ማስተማር።

4. በአጥቢያው መሬት ካለ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ቲማቲም የሚመረትበት የጓሮ አትክልት ቦታ ማዘጋጀት፤ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጋር ቢሠራ የምግብ ትምህርትም ይሆናል።

5. ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግሮ በተወሰኑ እሑዶች ከቅዳሴ በኋላ የደም ግፊት፣ የደም ስኳርና የወገብ ዙሪያ እንዲለካ ማድረግ።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። ይህ ምክር የተጻፈው ትርፍ ክብደት ላለባቸው አዋቂዎች ነው። ለከሳ ሕፃን ገንፎ ላይ የሚጨመር አንድ ማንኪያ ዘይት ሕይወት ነው፤ ለምታጠባ ድሃ እናት፣ ለሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ፣ በደጀ ሰላም ለተቀመጠ ነዳይ ማዕዱ ሊሳሳ አይገባም። ያችው ማንኪያ ለአንዱ መድኃኒት፣ ለሌላው ሸክም ናት። ስለዚህ ለነዳያን የሚቀርበውን ማዕድ በዚህ ጽሑፍ ምክንያት እንዳታሳንሱት አደራ እንላለን፤ ይልቁንም ከሰንበቴው ድስት የተቆጠበው ዘይት ወደ እነርሱ ቢሄድ አንዱ ሥራ ለሁለቱም ይጠቅማል።

ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ እንደሆነ ተምረናል። ማደሪያውን መጠበቅ ማለት ማስራብ አይደለም፤ ያለ ልክ መጫንም አይደለም። ጎመኑን ማብዛት፣ ዘይቱን በማንኪያ መለካት፣ ሾርባውን ማስቀደም፣ ቀስ ብሎ መብላትና «በቃኝ» ማለት ማንኛውም ቤተሰብ ከነገ ማዕዱ ጀምሮ ሊያደርጋቸው የሚችል ነገሮች ናቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።